እትዬ ስንዱ ዝምተኛ አልነበረችም

እትዬ ስንዱን ቀብረን በተመለስንበት ቀን፣ የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማይክ ይዘው ተነሡና የሕይወት ታሪኳን አነበቡ። የት እንደተወለደች፣ መቼ አሜሪካ እንደገባች፣ በምን ታማ እንዳረፈች ተናገሩ። በመጨረሻም ወረቀቱን አጥፈው፣ «እህታችን ስንዱ ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ማንንም አስቀይማ የማታውቅ ሴት ነበረች» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ከንፈሩን የመጠጠም ነበር።

እኔ ምስር የያዘው የወረቀት ሳህን ከእጄ ሊያመልጠኝ ትንሽ ቀረው። ዝምተኛ? ማንንም ያላስቀየመች? እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሰው ቢያንስ ግማሹን አስቀይማለች፤ አቶ ደምሴን ደግሞ ከሁሉም አስበልጣ። ሰው ሲሞት ደግ ደጉን መናገር ደንብ ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ደግ ደጉን መናገር አንድ ነገር ነው፣ በሟች ፈንታ ሌላ ሴት ፈጥሮ መቅበር ሌላ ነገር ነው። ተናደድኩ። ይህንንም የምጽፈው ንዴቱ ስላልወጣልኝ ነው።

ከእትዬ ስንዱ ጋር የተዋወቅነው ሮቢንስዴል በሚባል የአሜሪካ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እኔ ፎቅ ላይ አዛውንቶቹን እንከባከባለሁ፤ እሷ ምድር ቤት ልብሳቸውን ታጥባለች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «እርስዎ» ብላት፣ «አንቱ የምትይኝ ከሆነ አታናግሪኝ፣ ያለ ዕድሜዬ አታስረጂኝ» ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት። ድምፅዋ ከማድረቂያ ማሽኖቹ ጩኸት በላይ መሰማት የለመደ ስለነበር ማሽን በሌለበትም ያው ነበር። ቅዳሴ መሃል በጆሮዬ ልታንሾካሹክ ስትሞክር ዲያቆኑ ዞሮ ያየን ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ነገር ሲያቀብላት መዳፏን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታነሣና፣ «ቆይ፣ ልየው» ትላለች። ፈርሚ የተባለችውን ወረቀት፣ ከሱቅ የተሰጣትን ደረሰኝ፣ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት፣ ሁሉንም «ቆይ፣ ልየው»። ገንዘብ ሲሆንማ ጉድ ነው። እኛ ዘንድ ገንዘብ ሲሰጡን በሁለት እጅ ተቀብለን፣ ሳናይ ኪስ ውስጥ መክተት ነው ወጉ። መቁጠር ካማረን ሰውዬው ከሄደ በኋላ ሽንት ቤት ገብተን እንቆጥራለን። እትዬ ስንዱ ግን እዚያው ሰጪው ፊት ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። የእድር መዋጮ ከፍላ መልስ ሲሰጧት አቶ ደምሴን አቁማ ስትቆጥር አይቻለሁ። ሰልፉ ከኋላዋ ያጉረመርማል፣ እሷ ትቆጥራለች።

«ይሉኝታ ያልፈጠረባት» ይሏት ነበር። አንድ ቀን እኔም ጠየቅኳት።

«ሰውዬውን መች ጠረጠርኩት?» አለችኝ። «ጣቱን ነው የጠረጠርኩት። ጣት ይሳሳታል። ልክ ከሆነ እሱም በሰላም ይሄዳል፣ እኔም በሰላም እተኛለሁ። ምኑ ነው የሚያስቀይመው?»

እንግዲህ ይህችው ሴት አንድ ቀን ይሉኝታ ያዛትና ተዘረፈች።

ታናሽ እህቷ ትርሲት ዱባይ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። በስሟ የባንክ ሂሳብ የላትም፤ ፓስፖርቷም አሠሪዋ ጋ ነው። ያጠራቀመችውን ፍራሽ ሥር ከምታስቀምጥ፣ እዚያ ያሉ የአገር ልጆች እንደሚያደርጉት ወደ ስቴብልኮይን ቀየረችው፤ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ፣ በስልክ የሚላክና በስልክ የሚቀመጥ ገንዘብ ማለት ነው። ግን ማዳሟ ስልኳን እየቀማች ትፈትሽ ስለነበር ፈራች። «እቴቴ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ፤ አገሬ ስገባ ትልኪልኛለሽ» አለቻት። ሐሳቧ አዲስ አበባ ገብታ የልብስ ስፌት ቤት መክፈትና ሁለተኛ ለማንም ማዳም አለመሥራት ነበር። ለዚህ ደግሞ እትዬ ስንዱ ስልኳ ላይ ዎሌት የሚሉትን፣ ገንዘቡ የሚገባበትንና የሚቀመጥበትን መተግበሪያ መክፈት ነበረባት።

እዚህ ላይ «ወንድማችን» መጣ። ስሙን የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም፤ ከእሷ ስም ጎን እንዲቀመጥ ስለማልፈልግ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የእናቶችን ስልክ የሚያስተካክል፣ የኢንሹራንስ ፎርም የሚሞላ፣ ሲጠሩት «አቤት እናቴ» የሚል ሰው ነበር። እትዬ ስንዱ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ ጁስ ይዞ ጠይቋታል። ፊሊፕስ ሰፈር ያለው አፓርታማዋ ድረስ መጣላት፤ ቅዳሜ፣ በምሳ ሰዓት። የሆነውን ራሷ እንደነገረችኝ ላስቀምጠው፤ ደጋግማ ስለነገረችኝ ቃሉ አይጠፋኝም።

«ዎሌቱን ዳውንሎድ አደረገልኝ። ከዚያ ስልኩ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ደርድሮ አወጣ። ‹እትዬ፣ እነዚህ ቬሪ ኢምፖርታንት ናቸው፣ እኔ ልጻፍልሽ› አለኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ወጥ ላሙቅለት ወጥ ቤት ገባሁ! በምሳ ሰዓት የመጣ ሰው ሆዱን ባዶ ይሂድ? ስመለስ ገና እየጻፈ ነው። እላዩ ላይ ቆሜ እጅ እጁን ልየው? ነውር መሰለኝ። እጁን ታጥቦ የሚያደርቅበት ፎጣ ይዤ፣ ፊቴን አዙሬለት፣ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ይታይሽ እንግዲህ! ሲሰርቀኝ ፎጣ ይዤለት ቆሜ ነበር።»

እነዚያ ቃላት የዎሌቱ ቁልፍ ናቸው። ቃላቱን የያዘ ሰው የእሷን ስልክ ሳይነካ ከራሱ ስልክ ላይ ዎሌቷን እንዳለ መክፈት ይችላል። መተግበሪያው ራሱ ቃላቱን ለማንም አታሳይ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ግን ማስጠንቀቂያውን ያነበበው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። እሱ የጻፈላትን ወረቀት አመስግና ተቀበለችው፤ በሁለት እጇ።

ገንዘቡ በሰላም ገባ። የመጦሪያው ሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ፣ «ትርሲትዬ፣ የኔ ጌጥ» ብላ ስክሪኑን ሳመችው። ሳምንት ሳይሞላው ከምድር ቤት ተነሥታ እኔ ወዳለሁበት ፎቅ መጣች። በሥራ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ስልኩን ዘረጋችልኝና «ባዶ ነው» አለች፤ ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋት። እትዬ ስንዱ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፖሊስ ጋ አብረን ሄድን። የተቀበለን መኮንን ደግ ሰው ነበር፤ ሁሉን ጻፈ፣ ቁጥር ሰጠን፤ ግን ባንክ ቢሆን አስቁሞ ማስመለስ ይቻል ይሆናል፣ ይህ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው አለን። «ወንድማችን»ን ስንጠይቀው ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «እትዬ፣ ሃክ ተደርገሽ ነው። ሲስተሙ እንደዚህ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። የጻፈው እሱ፣ ቃላቱን ያየው እሱ፤ ሌላ የሰው ዘር አላያቸውም። እሷም እንኳ በቅጡ አላየቻቸውም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ደምሴና ሌሎች ሁለት አባቶች፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቤቷ። እኔም ነበርኩ።

«እህት ስንዱ፣ ነገሩን ብናበርደው ይሻላል» አሉ አቶ ደምሴ። «ሰውዬው ባለ ትዳር ነው፣ የልጆች አባት ነው። ነገሩ ውጭ ከወጣ የእሱ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያናችንም ስም ይጠፋል። ማስረጃም የለሽም።» ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። «ይቺን ለማጽናኛ ብሎ ልኳል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አይደለም፣ አዝኖልሽ ነው። አንቺም ከእንግዲህ ስሙን አታነሺም።»

እትዬ ስንዱ መዳፏን አነሣች። «ቆይ፣ ልየው።»

ፖስታውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና ቆጠረች። ሦስቱ አባቶች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፤ አንደኛው በሐፍረት ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ከጨረቃ የወረደ ነገር ሲያይ እንዲህ አይጨነቅም።

«ጎደሎ ነው» አለች።

«እህት ስንዱ፣ እሱ እኮ አልወሰድኩም ነው የሚለው…»

«ይህ የትርሲት ነው። ከላቧ የተረፈ ነው፣ ለእሷ ይደርሳል፣ ተቀብያለሁ» አለችና ገንዘቡን ወደ ፖስታው መለሰች። «ዝም እንድል ግን ምንም አልተቀበልኩም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለሱም ንገሩልኝ።»

ሲወጡ ቃሏን እንደበላች ሰው አዩዋት። የትኛውን ቃሏን? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያልሰረቀ ሰው ለምን ማጽናኛ ይልካል? ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሶፋ ላይ ተደርድረው ይህን አንዳቸውም አልጠየቁም። የእሱ ሚስት እንዳታፍር ተጨነቁ፤ የሰው ሽንት ቤት እያጠበች ያጠራቀመችው ትርሲት ግን በአፋቸው አልዞረችም። ስሟን እንኳ የሚያውቁት አልመሰለኝም። ሽምግልና ሲባል እኔ ሳድግ የማውቀው የተበደለ የሚካስበት ነው፤ ይህኛው የበዳዩን በር ዘብ መቆም ነው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ላይ ሲደረስ እትዬ ስንዱ እጇን አወጣች። አዲስ የመዋጮ ሐሳብ ያላት መስሏቸው ማይክ ሰጧት።

«እኔ ተዘርፌያለሁ» አለች። «ማን እንደዘረፈኝ ፖሊስም ጽፎታል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ እንዴት እንደተዘረፍኩ ነው፤ ነገ የእናንተ እህት የላከችው እንዳይዘረፍ።»

ማይኩ ጠፋ። ዘወር ስል የአቶ ደምሴ ጣት ማጥፊያው ላይ ነው። እትዬ ስንዱ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ቀጠለች። ለእሷ ድምፅ ማይክ ምን ይሠራለታል!

«የመቀበያ አድራሻው እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ ለሚልክላችሁ ሰው ትሰጡታላችሁ፣ ማንም ቢያውቀው በሩን አይከፍትበትም። ቃላቱ ግን ቁልፉ ናቸው። እኔ ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ሁሉ እናገራለሁ፤ እነዚያን ቃላት ግን አልነግራቸውም፣ እሳቸውም አይጠይቁኝ!» ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ፊት ወንበር የነበሩት ንስሐ አባቷም ጭምር። «ዎሌቱን ራሳችሁ ክፈቱ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ ፊደሉን እያያችሁ ወረቀት ላይ ቅዱት፤ ፎቶ እንዳታነሡት። በምሳ ሰዓት እንግዳ ከመጣባችሁ ደግሞ አብሉና ሸኙት። በሩን ቆልፉ። ከዚያ ነው የሚከፈተው።»

በወጉ ቢሆን ያን ቀን ሊጨበጨብላት ይገባ ነበር። በዚያ ፈንታ ሰላምታ ነሷት። ስም አጥፊ፣ ተሳዳቢ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ገመና አደባባይ ያወጣች ተባለች። «ወንድማችን» ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ስቴት ተዛወረ፤ ሽኝት ተደርጎለት ነው የሄደው፣ ኬክ ሁሉ ተቆርጦ። እሷ ግን ከቅዳሴ በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ስትበላ አያት ነበር። የሚገርመው፣ በአደባባይ ፊታቸውን የሚያዞሩባት ሰዎች በስልክ በድብቅ ይደውሉላት ነበር። ወንድማቸው፣ ልጃቸው፣ የአክስታቸው ልጅ ሊልክላቸው ነው፤ እንዴት ይቀበሉ? እትዬ ስንዱ መጀመሪያ ትሰድባቸዋለች። «እሑድ ዕለት ሳታዪኝ ያለፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ትላለች። ሰድባ ስትጨርስ ታስተምራቸዋለች፤ አንድም ሰው ሳታስተምር አልመለሰችም።

ትርሲት ሌላ ቤት ገብታ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። እንደገና አጠራቀመች። የላከች ቀን እኔ ከእትዬ ስንዱ ጋር ማረፊያ ክፍል ነበርኩ። በሩን ቆልፋ ብቻዋን በከፈተችው አዲስ ዎሌት ነው የምትቀበለው። አድራሻውን በጽሑፍ ልካላት፣ ስልኩን በስፒከር አድርጋ እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ታስነብባታለች።

«እቴቴ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ነው፣ ይበቃል» አለች ትርሲት።

«መሃሉስ? ሌቦቹ እኮ መጀመሪያና መጨረሻው ተመሳሳይ የሆነ አድራሻ እየሠሩ ነው የሚያታልሉት። መሃሉን አንብቢልኝ።»

አነበበች። ቀጥሎ የምትልክበት ኔትወርክ እሷ ከምትቀበልበት ጋር አንድ መሆኑን ጠየቀቻት፤ መስመሩ ከተለያየ ገንዘቡ መድረሻው ስለሚጠፋ። ከዚያ «በመጀመሪያ ትንሽ ላኪ» አለቻት።

«አላመንሽኝም እንዴ?»

«አንቺን አምኜሻለሁ። ጣትሽን ነው።»

ትርሲት ሳቀችና ትንሽ ላከች፤ መላኳን የሚያሳይ የስክሪን ፎቶም አስከተለች። እትዬ ስንዱ ፎቶውን ዞር ብላም አላየችው። «ፎቶ አይበላም» ብላ የራሷን ዎሌት ከፈተች፣ መግባቱን በዓይኗ አየች፣ ከዚያ ነው የቀረውን ያስላከችው። በዚያው ሰሞን ከዎሌቱ ድርጅት ነኝ፣ ለማጣራት ቃላትሽን ላኪልኝ የሚል መልእክት መጣላት። «ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ለዚህ?» አለችና ዘጋችበት።

ትርሲት አገሯ ገባች፤ ገንዘቧም ደረሳት። ጠባብ የስፌት ቤት ከፍታ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የተነሣችውን ፎቶ እትዬ ስንዱ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ለጥፋው ነበር። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ እትዬ ስንዱ ልቧን ታመመችና አረፈች። ፎቶውን ከማሽኑ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። አቶ ደምሴ «ዝምተኛ» ብለው ከጨረሱ በኋላ፣ ሰው መብላት ሲጀምር ወደ እኔ መጡ። ግራ ቀኙን አይተው ዝቅ አሉ።

«ልጄ፣ አንቺ ከእሷ ጋር ትሠሪ አልነበር? ልጄ ጆሃንስበርግ ሱቋን ሸጣለች፤ ገንዘቡን በዚያ በስልኩ ነገር ልትልክልኝ ነው። ያ ስንዱ የምትለው እንዴት ነበር?»

እትዬ ስንዱ ብትሆን መጀመሪያ ትሰድባቸው ነበር፣ ከዚያ ታስተምራቸው ነበር። ቅደም ተከተሉን ጠበቅኩ።

«ጋሼ ደምሴ፣ እርስዎ እኮ ማይክ ያጠፉባት ሰው ነዎት» አልኳቸው። «በቁሟ ቢጠይቋት በነጻ ትነግርዎት ነበር። አሁን ቀብረዋት፣ ዝምተኛ ነበረች ብለው አንብበው፣ የተናገረችውን እኔን ይጠይቁኛል? አያፍሩም?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ዎሌቱን ማን ከፈተልዎት?»

«አንድ ወዳጄ። ቃላቱንም እሱ ነው በደንብ አድርጎ የጻፈልኝ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ያን ሁሉ ካየን በኋላ፣ ፖስታውን ራሳቸው ተሸክመው ከመጡ በኋላ! ያንን ዎሌት እንዲተዉት፣ ልጃቸውም ወደዚያ ምንም እንዳትልክ ነገርኳቸው። ጥግ ያለ ጠረጴዛ ጋ አስቀምጬ አዲስ አስከፈትኳቸው፤ ቃላቱ ሲወጡ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ እሳቸው በገዛ እጃቸው ጻፉ፣ አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ አድራሻውን ለልጃቸው ላኩና ደወሉላት።

«ያንብቡላት» አልኳቸው።

የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በሹክሹክታ አነበቡና ወደ መጨረሻዎቹ ዘለሉ። የእትዬ ስንዱን ልደትና ሞት አንብበው መሃሉን እንደዘለሉት ሁሉ።

«መሃሉም አለ፣ ጋሼ።»

«አባዬ፣ አይሰማኝም!» አለች ልጃቸው ከዚያ ማዶ። «ጮክ በልልኝ!»

አቶ ደምሴ ቀና ብለው ሰዉን አዩ። ማንኪያዎች ቆመዋል፣ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። መነጽራቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ በዚያው ማይኳን ባጠፉባት አዳራሽ፣ ያለ ማይክ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው መሃሉን ሳይዘሉ እስከ መጨረሻዋ ፊደል እየጮሁ አነበቡ።